ደም ሥርን ማየት ምንድን ነው?

በኤምአርአይ የተነሣ የአንጎል ደም ሥር ምስል ለተመልካቹ የሚያጠራጥር ነገር ያለበት አይመስልም። ጥቁር መደብ ላይ ነጫጭ መስመሮች ይታያሉ፤ ከአንገት በኩል አራት ወፈር ያሉ መስመሮች ይመጣሉ፣ ከአንጎል ግርጌ ተገናኝተው ቀለበት ይሠራሉ፣ ከቀለበቱም እየቀጠኑ ወደ ፊት፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ይሠራጫሉ። ሐኪሙ በጣቱ እያመለከተ «ይኸውልህ ደም ሥርህ» ይላል፤ ታማሚውም አምኖ ይሄዳል። እኔን ግን ከዚህ ምስል ፊት አንድ ጥያቄ አያሳልፈኝም። ያየነው ምንድን ነው? ቱቦውን ነው? በቱቦው ውስጥ ያለውን ደም ነው? ወይስ ከሁለቱ የተለየ ሦስተኛ ነገር? ጥያቄው ለመራቀቅ ያህል ብቻ የተነሣ ቢሆን ኖሮ በተውኩት ነበር። ነገር ግን የሰው ሕይወት በመልሱ ላይ የሚንጠለጠልበት ጊዜ አለ፤ ምስሉ ላይ የጨለመው ሥፍራ «ደም የለም» ተብሎ የሚነበብበት፣ ብሩህ የሆነው ደግሞ «ደህና ነው» ተብሎ የሚታለፍበት ጊዜ አለ። መሣሪያው በሌለበት አገር፣ ለምሳሌ በጋምቤላ ክልል ጎግ ወረዳ ሆኖ ይህን መጠየቅም ጥያቄውን ያሰፋዋል ብዬ አምናለሁ።

እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ ያንን ቀለበት በ1664 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ገለጸው ቀለበቱ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ዊሊስ ያየው ግን በሞተ ሰው አንጎል ላይ ነው። ግድግዳው ነበረ፣ መንገዱ ነበረ፣ የሚሄድበት ግን አልነበረም። የዛሬው መሣሪያ የዊሊስን ነገር ገልብጦ ይዞታል፤ የሚሄደውን ያሳያል፣ መንገዱን ግን አያሳይም። ከዊሊስ በፊት በ1628 ዊሊያም ሃርቪ ደም ከልብ ወጥቶ ወደ ልብ እንደሚመለስ ሲያስረዳ፣ ደም ቅዳና ደም መልስ የሚገናኙባቸውን ቀጫጭን ሥሮች በዐይኑ አላያቸውም፤ ደሙ የግድ መተላለፊያ ሊኖረው ይገባል ብሎ ደመደመ። ማርቼሎ ማልፒጊ እነዚያን ሥሮች በእንቁራሪት ሳንባ ላይ በማይክሮስኮፕ ያያቸው በ1661 ነው፤ ሃርቪ በዚያን ጊዜ ካረፈ አራት ዓመት ሆኖታል። ስለዚህ ሰው ደም ሥርን ሳያይ ሊያውቀው ይችላል፣ የቆመውን አይቶ የሚፈስሰውን ላያውቅ ይችላል፣ የሚፈስሰውንም አይቶ የሚፈስስበትን ላያውቅ ይችላል። ማየትና ማወቅ አብረው የሚሄዱ ቢመስሉም በዚህ ጉዳይ ላይ አንዱ ሌላውን ደጋግሞ ጥሎት ሄዷል።

መሣሪያው እንዴት እንደሚያይ ሳናውቅ ምን እንዳየ መናገር አይቻልም። ኤምአርአይ ምልክት የሚቀበለው ከሃይድሮጅን አስኳል ነው፤ ሰውነታችን ውስጥ ሃይድሮጅን በብዛት ያለው ደግሞ በውሃ ውስጥ ነው። ጉልበቱ 1.5 ቴስላ በሆነ ማግኔት ውስጥ አስኳሉ በሴኮንድ 64 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይዞራል፤ በዚሁ ልክ የተቃኘ የራዲዮ ምት ሲደርሰው ያዘነብላል፣ ካዘነበለም በኋላ ምልክት ይሰጣል። አንዴ ምልክት ከሰጠ ግን እንደገና በሙሉ ኃይሉ ለመስጠት ፋታ ይሻል፤ ለአንጎል ሥጋም ሆነ ለደም ይህ ፋታ በሴኮንድ የሚቆጠር ነው። ደም ሥር ለማሳየት የሚፈልግ ባለሙያ ይህን ፋታ ሆን ብሎ ይነፍጋል። ምቱን በየ25 ሚሊ ሴኮንዱ ይደጋግመዋል። ቦታውን የማይለቀው የአንጎል ሥጋ ምቱ ሲደራረብበት ይደክማል፣ ምልክቱም እየከሰመ ይሄዳል። ከአንገት ሽቅብ የሚመጣው ደም ግን ምት ወዳለበት ክልል ገና መግባቱ ነውና አልደከመም፤ በሙሉ ኃይሉ ይመልሳል። ነጭ ሆኖ የሚታየን እርሱ ነው። በደሙ ውስጥ ያለው የሃይድሮጅን አስኳልና በአንጎል ሥጋው ውስጥ ያለው ያው አንድ ዓይነት ነው፤ ለምስሉ ልዩነታቸው አንዱ ነዋሪ፣ ሌላው መጪ መሆኑ ነው። ደሙ የታየው ደም ስለ ሆነ አይደለም። አዲስ ስለ መጣ ነው። መጥቶ ከቆየ እርሱም ከነዋሪው ጋር አብሮ ይጨልማል።

ጎግን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የጊሎ ወንዝ ከደጋው ወርዶ ወረዳውን ያቋርጥና ወደ ምዕራብ ወደ ፒቦር ይሄዳል። በክረምት ሲሞላ ከአፉ ወጥቶ ሜዳውን ያለብሰዋል፤ ሣሩ ውስጥ የተኛው ውሃና በወንዙ መሐል የሚወርደው ውሃ ቀለማቸው አንድ ነው፣ ሁለቱም ቡናማ ናቸው። ዳር ቆሞ ለሚያይ፣ የተነቀለ ሣር ወይም ቅርንጫፍ ተንሳፍፎ እስኪያልፍ ድረስ የትኛው እንደሚሄድ የትኛው እንደቆመ አይለይም። አሁን የሚንቀሳቀሰውን ውሃ ብቻ የሚያይ ዐይን ያለው ሰው ቢኖር ጊሎን ነጭ መስመር አድርጎ ያያታል፤ የተኛውን ውሃ አያይም፣ የታታን ሐይቅም አያይም። ስለ ጎግ ውሃ ቢጠየቅም «አንድ ወንዝ አለ» ብሎ በሙሉ እምነት ይናገራል። አልዋሸም። ነገር ግን የአካባቢው የአኙዋ ገበሬ በቆሎውንና ማሽላውን የሚዘራው ውሃው ተኝቶ፣ አርጥቦ በሸሸበት ዳርቻ ላይ ነው። ያ ሰው ያላየው ውሃ ነው እህሉን ያበቀለው።

እዚህ ላይ «ምርጥ» የሚባለው የመሣሪያ ማስተካከያ ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ግድ ይሆናል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ቀላልነቱም ነው ጥያቄውን የሚያከብደው። በአንድ ትልቅ የአንጎል ደም ቅዳ ውስጥ ደም በሴኮንድ 60 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል እንበል። ምቱ በየ25 ሚሊ ሴኮንዱ ከሆነ ደሙ በሁለት ምቶች መካከል 1.5 ሳንቲ ሜትር ይጓዛል። የምናነሣው ክልል ውፍረት 6 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ደሙ አራት ምት ቀምሶ ይወጣል፤ ገና ብሩህ ነው። በሴኮንድ 10 ሳንቲ ሜትር የሚሄድ ደም ግን ያንኑ ክልል ለማቋረጥ 24 ምት ይቀበላል፤ እየገፋ ሲሄድ ከሥጋው መለየት ያቅተዋል። «እንግዲያው ምቶቹን እናራርቅ» ይላል ባለሙያው። ሲያራርቃቸው ዘገምተኛው ደም ይድናል፣ ነገር ግን ሥጋውም ፋታ አግኝቶ ያበራል፤ ነጩ በነጭ ውስጥ ይጠፋል። «እንግዲያው አስኳሉን የምናዘነብልበትን ማዕዘን እናሳንስ» ይላል። ያም እንደዚያው ነው፣ ለደሙ የራራ ማዕዘን ለሥጋውም ይራራል። «ክልሉን እናሳጥር» ሲል ደግሞ ብዙ ስስ ክልሎችን አከታትሎ ማንሣት ይኖርበታል፤ ጊዜው ይረዝማል፣ በየመጋጠሚያው መስመር ይወጣል፣ ጭንቅላቱን ያነቃነቀ ታማሚም ሥራውን ሁሉ ያፈርሰዋል። ደሙ በክልሉ ውስጥ ሽቅብ በገፋ መጠን ማዕዘኑ እየሰፋ እንዲሄድ የሚያደርግ ብልሃትም አለ፤ ደሙ ሲገባ በልኩ ይነካል፣ ሲርቅ ጠንከር ይላል። ይህ ሁሉ ያማረ የሰው ልጅ ጥበብ ነው፤ አከብረዋለሁ። ግን ሁሉም ጥበብ አንድ ወሰን አያልፍም፤ መደቡን ዝም የሚያሰኘው ነገርና ዘገምተኛውን ደም ዝም የሚያሰኘው ነገር አንድ ነው። ሁለት ነገር ቢሆን ኖሮ አንዱን ጨምረን ሌላውን በቀነስን። አንድ ስለ ሆነ ግን፣ ያለ ጥያቄ፣ ያለ ዓላማ፣ ለሁሉም ነገር «ምርጥ» የሆነ ማስተካከያ ሊኖር አይችልም። ምርጥ የሚሆነው ለአንድ ጥያቄ ነው፤ ጥያቄው ሲለወጥ ምርጡ ይለወጣል።

ከሁሉም የሚያስገርመኝ አቅጣጫን የሚመለከተው ውሳኔ ነው። በጭንቅላት ውስጥ በጥቅሉ ሲታይ ደም ቅዳ ሽቅብ ይወጣል፣ ደም መልስ ቁልቁል ይወርዳል። ሐኪሙ ደም ቅዳውን ብቻ ማየት ሲፈልግ ባለሙያው ከሚነሣው ክልል በላይ ምት የሚደራረብበት አንድ ቀበቶ ያስቀምጣል፤ ከላይ የሚወርደው ደም ወደ ክልሉ ከመግባቱ በፊት እዚያ ይመታል፣ ደክሞም ይገባል። ስለዚህ ደም መልሱ እየፈሰሰ፣ አዲስም ሆኖ ሳለ፣ ከምስሉ ይወጣል። ይህ ያልነው ሕግ በጤነኛ ሰው ላይ እውነት ነው። ነገር ግን ወደ ክንድ የሚሄደው ደም ቅዳ ከመነሻው ላይ ጠቦ፣ ክንዱ የሚያገኘውን ደም ከአንገት ወደ ታች የሚስብበት በሽታ አለ፤ ያን ጊዜ ሽቅብ መውጣት የነበረበት የአንገት ደም ቅዳ ቁልቁል ይፈስሳል። ቀበቶው እርሱንም ደም መልስ ነው ብሎ ያጠፋዋል። አንባቢውም «ይህ ሥር ተዘግቷል» ይላል። ሥሩ ክፍት ነው፣ ደሙም ይሄዳል፤ የጠፋው መሄድ ይገባዋል ብለን ባሰብነው አቅጣጫ ስላልሄደ ነው። ጤነኛውን ለማየት ያዘጋጀነው ዐይን በሽተኛውን፣ በሽተኛ በሆነበት በዚያው ነገር ምክንያት አላየውም። መሣሪያ የሚሠራው ለታመመ ሰው ነው፤ ልኩ የሚወሰደው ግን ከጤነኛ ነው። ይህ ቅራኔ በምን እንደሚፈታ አላውቅም፤ ቢያንስ በመሣሪያው ውስጥ እንደማይፈታ ግን ይገባኛል።

ስለዚህ ምስሉ ይነበባል እንጂ ዝም ብሎ አይታይም። የአገራችን መምህራን አንድን ንባብ በአንድ ትርጉም ሳይዘጉ «አንድም» እያሉ እንደሚያወርዱት፣ በዚህ ምስል ላይ ያለውንም ጨለማ እንዲሁ ማውረድ ያስፈልጋል። አንድም ሥሩ ተዘግቶ ደም አጥቶ ነው። አንድም ደሙ እያለ ዘግይቶ ደክሞ ነው። አንድም በጠባብ ሥፍራ ሲያልፍ ተናውጦ፣ አስኳሎቹ እርስ በርሳቸው ተጣልተው ምልክታቸው ተጣፍቶ ነው፤ ጥቂት የጠበበ ሥር በጣም የጠበበ መስሎ የሚታየው በዚህ ነው። አንድም ሥሩ ሽቅብ ሲል ቆይቶ ወደ ጎን ታጥፎ፣ በክልሉ ውስጥ ብዙ ምት እየቀመሰ ተጋድሞ ነው። ብርሃኑም እንደ ጨለማው ሁሉ ትርጉም ይሻል። የረጋ ደም ጥቂት ቀናት ሲያልፉት በውስጡ ያለው ሄሞግሎቢን ይለወጥና ያለ ፋታ ፈጥኖ የሚያገግም ይሆናል፤ ምቱ ቢደራረብበትም አይደክምም፣ ስለዚህም ያበራል። ከሁሉ ይልቅ የቆመው ደም ከሁሉ ይልቅ የሚሄደውን መስሎ ይታያል። ቀድሞ «የታየው መሄዱ ነው» ብለን ነበር፤ አሁን ያም ተናጋ። የታየው አለመድከም ነው፤ አለመድከም ደግሞ አዲስ ከመምጣትም፣ ከመርጋትም ሊመጣ ይችላል። ከዚህም በላይ፣ በመጨረሻ ለሐኪሙ የሚቀርበው ምስል ራሱ ሌላ ምርጫ ያለበት ነው፤ በየመስመሩ ካሉት ነጥቦች ሁሉ እጅግ ብሩህ የሆነው ብቻ ተመርጦ ይወጣል፣ ከኋላውና ከፊቱ ያሉት ደብዛዞች ይቀራሉ። ስለዚህ ጠንቃቃ ራዲዮሎጂስት በዚያ ባማረው ምስል አይረካም፣ ወደ ስስ ክፋዮቹ ተመልሶ አንድ በአንድ ያያል።

የደምን ፍጥነት ራሱን የሚለካ ሌላ መንገድም አለ። እዚያ ባለሙያው ከመጀመሩ በፊት «ከዚህ በላይ የሚፈጥን ደም የለም» ብሎ ጣሪያ ይወስናል፤ ለደም መልስ በሴኮንድ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ለደም ቅዳ ደግሞ ከዚያ ብዙ እጥፍ። ጣሪያውን ዝቅ ካደረገውና ደሙ ካለፈው፣ ወደ ፊት የሚሮጠው ደም ወደ ኋላ እንደሚመለስ ሆኖ ይታያል። ከፍ ካደረገው ዘገምተኛው ደም ትርጉም በሌለው የምስሉ ጩኸት ውስጥ ይሰጥማል። እንግዲህ ፍጥነቱን ለማወቅ ፍጥነቱን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ በፕላቶን ሜኖን በሚባለው ድርሳን ውስጥ የተነሣው ጥንታዊ ጥያቄ ነው፤ የማታውቀውን ነገር እንዴት ትፈልገዋለህ? ብታገኘውስ የፈለግኸው እርሱ መሆኑን በምን ትለያለህ? በእኔ ግምት ሕክምና ለዚህ ጥያቄ የሰጠችው መልስ ከፍልስፍናው ያነሰ አይደለም። ባለሙያው ይገምታል፣ ያነሣል፣ ደም በማይሄድበት አቅጣጫ ሲሮጥ ካየ ግምቱ እንደ ተሳሳተ ያውቃል፣ ጣሪያውን ከፍ አድርጎ ደግሞ ያነሣል። ስሕተቱ ራሱ ምልክት አለው። እውነት በአንድ ጊዜ አትያዝም፤ ስሕተቱ የሚታወቅበትን መንገድ አዘጋጅቶ የሚጠብቅ ሰው ግን ይቀርባታል። የሚያስፈራው ምልክት የሌለው ስሕተት ነው፤ ጨልሞ የቀረ፣ ማንም ያልጠየቀው።

አሁን ወደ ጎግ ልመለስ። በወረዳው ውስጥ ባለችው በፑኝዶ ከተማ ሆኖ ስለ አንጎል ደም ሥር የሚጠይቅ ሐኪም ወይም ነርስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው ጥያቄ የዊሊስ ቀለበት ላይሆን ይችላል። አካባቢው ቆላ ነው፣ ወባ አለበት። ሕፃን ትኩሳት ይይዘዋል፣ ያንዘፈዝፈዋል፣ ከዚያ ራሱን ይስታል፤ እናቱ «ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጣበት» ትላለች። ያለችው ከመማሪያ መጻሕፍቱ የራቀ አይደለም። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተሕዋስ የያዛቸው ቀይ የደም ሕዋሳት በአንጎል ቀጫጭን ሥሮች ግድግዳ ላይ ይጣበቃሉ፣ መንገዱን ይዘጋሉ። ችግሩ ያለው በደም ሥር ውስጥ ነው፤ ያለ ጥርጥር የአንጎል ደም ሥር በሽታ ነው። እንግዲያው ይህን ሕፃን በዓለም ላይ ከሁሉ በተሻለ ማስተካከያ ብናነሣው ምን እናያለን? የእነዚያ ሥሮች ስፋት ከ5 እስከ 10 ማይክሮ ሜትር ነው። የተለመደው ምስል ትንሹ ነጥብ፣ ቮክሰል የሚባለው፣ በየጎኑ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በአንዱ ነጥብ ጎን 50 እና ከዚያ በላይ ሥር ጎን ለጎን ሊደረደር ይችላል። ደሙም እዚያ በሴኮንድ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ ለመሣሪያው ቆሟል ማለት ነው። ስለዚህ ቀለበቱ ያማረ፣ ቅርንጫፎቹ ሙሉ፣ ምስሉ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ልጁ ግን በደም ሥር መዘጋት ሊሞት ነው። በምስሉ ላይ ስሕተት የለም። ጥያቄው ያለበት ቦታ ሌላ ነው፣ የተነሣው ሌላ።

ይህን ጥያቄ በትክክል ጠይቀው መልስ ያገኙ ሰዎች አሉ፤ ያገኙትም እንደ ጎግ ወባ ባለበት አገር፣ በማላዊ ብላንታየር ከተማ ነው። ቴሪ ቴይለር የተባሉት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የአንጎል ወባ የያዛቸውን 168 ሕፃናት በኤምአርአይ አነሧቸው። ማግኔቱ 0.35 ቴስላ ነበር፤ ደም ሥርን አሳምሮ ለመሣል የሚመረጠው ከዚህ አራትና ስምንት እጥፍ የሚበልጥ ነው። ከ25ቱ ሟቾች 21ዱ አንጎላቸው ክፉኛ አብጦ ተገኘ፤ ከዳኑት መካከል እንዲህ ያበጠባቸው በብዙ ያነሱ ነበሩ፣ ካበጠባቸውም አብዛኞቹ እብጠታቸው እየጎደለ ሄደ። ለዘመናት ሲያከራክር የነበረው «እነዚህ ሕፃናት የሚሞቱት በምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ወደዚያ አመዘነ። ደካማው ማግኔት አንድም ቀጭን ሥር አላሳየም። ያሳየው ሥሮቹ ሲዘጉ አንጎሉ ምን እንደሚሆን ነው፤ ለዚያ ጥያቄ ደግሞ በቂ ነበር። «ምርጥ ማስተካከያ» ስል የማስበው እንዲህ ያለውን ነው።

ከዚህ የበለጠ ደግሞ አለ። የዐይን ውስጠኛው ንጣፍ፣ ሬቲና የሚባለው፣ በፅንስ ጊዜ ከአንጎል የሚወጣ የአንጎል ክፍል ነው፤ ሥሮቹም የአንጎል ሥሮች ዘመዶች ናቸው። በሰውነት ውስጥ እንዲህ ያለውን ደም ሥር ያለ ቢላዋ፣ ያለ ራጅ፣ ያለ ማግኔት፣ በብርሃን ብቻ በቀጥታ ማየት የሚቻልበት ሥፍራ ይህ ነው። ብላሌኑን በጠብታ አስፍቶ በእጅ በምትያዝ የዐይን መመልከቻ ውስጥ ያየ ሐኪም፣ የአንጎል ወባ ባለበት ሕፃን ዐይን ውስጥ ንጣፉ በየቦታው ነጥቶ፣ ቀይ መሆን የነበረባቸው ሥሮች ወደ ብርቱካንማ ወይም ወደ ነጭ ተለውጠው ሊያገኛቸው ይችላል፤ ተሕዋሱ ሄሞግሎቢኑን ስለ በላው ነው ቀለማቸው የሄደው። እዚያው ብላንታየር በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት፣ በአንጎል ወባ ሞቱ የተባሉ ሕፃናትን አስከሬን መርምሮ ሩብ ገደማ የሚሆኑት በሌላ ምክንያት እንደ ሞቱ አሳይቷል፤ ሁለቱን በሕይወት ሳሉ ለይቶ የነበረው ምልክት የዐይኑ ንጣፍ ነው። እነሆ የተዘጋ የአንጎል ሥር፣ ግድግዳውም ደሙም መርጋቱም አንድ ላይ ሆኖ፣ በባትሪ ብርሃን ታየ። እጅግ ውድ የሆነ መሣሪያ ቢኖርም ባልታየ ነበር።

ይህን ስል አንድ ተቃውሞ ይነሣብኛል፤ ተገቢም ነው። «ታዲያ ለጎግ ሰው ባትሪ ይበቃዋል ልትል ነው? ማጣትን ጥበብ እያልክ ልታቆላምጥ ነው?» አይደለም። በፑኝዶ የሚኖር አኙዋም ሆነ በዚያው ባለው የስደተኞች መጠለያ የሚኖር የደቡብ ሱዳን ስደተኛ ደም ግፊት ይይዘዋል፣ ስትሮክ ይመታዋል፣ በአንጎሉ ውስጥ የተነፋ ደም ሥር ይዞ ይኖራል። የተነፋ ሥር በባትሪ አይታይም። ለዚያ የሚያስፈልገው ያ ማግኔት፣ ያ በየ25 ሚሊ ሴኮንዱ የሚመታ ምት፣ ያ ቀበቶ ነው፤ ያ ደግሞ ጎግ ውስጥ የለም። አዲስ አበባ ከጋምቤላ ከተማ ብቻ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፣ ፑኝዶ ደግሞ ከዚያም ወዲያ ናት። ይህ ርቀት በደል ነው፤ በፍልስፍና አይሸፈንም። እንዲያውም ክርክሬ ወደዚያው ይመልሰኛል። ጨለማ ሁልጊዜ አለመኖር እንዳልሆነ ካመንኩ፣ ከጎግ የመጣ የስትሮክ ምስል በአገሪቱ መዝገብ ውስጥ ስለማይገኝ በጎግ ስትሮክ የለም ማለት ዘገምተኛውን ደም እንደ ሌለ የመቁጠር ያህል ስሕተት ነው። ያልተነሣ ሰው ጤነኛ አይደለም፤ ያልተነሣ ሰው ነው።

እንግዲህ ማስተካከያው የሚጀመረው የት ነው? ማግኔቱ ባለበት ክፍል ውስጥ፣ ባለሙያው ቁልፍ ሲጫን ነው የሚሉ ይኖራሉ። እኔ ከዚያ ይቀድማል እላለሁ፤ ከማስተላለፊያ ወረቀቱ ላይ ይጀመራል። ወረቀቱ ላይ «ራስ ምታት፣ ኤምአርአይ ይታዘዝ» ብቻ ካለ፣ አዲስ አበባ ያለው ባለሙያ የሚመርጥበት ምንም የለውም፤ የተለመደውን ያነሣል፣ የተለመደው ደግሞ የተጠየቀው ለሌላ ሰው፣ በሌላ ጥያቄ ነበር። «በድንገት የጀመረ፣ ከዚህ በፊት ያልነበረ ከባድ ራስ ምታት፣ አንገቷ ገትሯል» ከተባለ የተነፋ ሥር ይፈለጋል፤ ክልሉ ቀለበቱ ላይ ይደረጋል፣ ነጥቡ ያንሳል። «ከወለደች ሁለት ሳምንቷ ነው፣ ራሷን እያመማት ቀስ በቀስ እየባሰባት መጣ፣ አንዘፈዘፋት» ከተባለ የተጠረጠረው ደም መልስ ነው፤ ቀበቶው ከላይ ተነሥቶ ከሥር ይሆናል፣ ለዘገምተኛ ደም የሚሆን ጣሪያ ይመረጣል፣ የረጋ ደም አብርቶ እንዳያታልል ሌሎች ምስሎች ይጨመራሉ። «ግራ ክንዱ ሥራ ሲበዛበት ይዝላል፣ ያዞረዋል፣ የሁለቱ ክንዶች ግፊት ይለያያል» ከተባለ ያ ቁልቁል የሚፈስሰው ደም እንዳይጠፋ ቀበቶው ጭራሽ ይቀራል። እነዚህን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ለመጻፍ ቴስላ አያስፈልግም። ሁለቱን ክንዶች በየተራ መለካት፣ እናቲቱን መቼ እንደ ወለደች መጠየቅ፣ ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት መጻፍ ያስፈልጋል። እነዚህን የሚያደርገው ሰው ፑኝዶ ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ ተራ የሚጠብቅ ሰው በሞላበት ክፍል ተቀምጦ በእስክሪብቶ የሚጽፈው ነው፤ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ያለው ማግኔት ምን እንደሚያይና ምን ዝም እንደሚያሰኝ ከሁሉ በፊት የሚወስነው እርሱ ነው። ይህን እንደሚወስን ግን አብዛኛውን ጊዜ ማንም አልነገረውም።